በጉም ውስጥ ቂብላ

ፒያሳ ላይ አንድ ሱቅ በአንድ በር ገብቼ በሌላ በር ከወጣሁ፣ በተወለድኩበት ከተማ መካከል ወደ ሰፈራችን ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው መንገድ ይጠፋብኛል። የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪ ነኝ። ሰሌዳ ላይ ካርታ ስስል እጄ አይሳሳትም፤ እግሬ ግን ካርታውን አያውቀውም። ችግሩ መጥፋቱ ብቻ አይደለም። ጠፍቶ መጥፋቱን የሚያውቅ ሰው ጠይቆ ይደርሳል። እኔ ግን ትክክል ነኝ ብዬ ጭራሽ እፈጥናለሁ።

አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ይዞ እስከ ሳንጃና ኮላ ድባ ገበያ ሲዞር የኖረ ነጋዴ ስለነበር በእኔ መሳቅ ይወድ ነበር። «ይቺን ልጅ ጓዳ ብትልኪያት ተመልሳ ሳሎኑን አታገኘውም» ይላታል እናቴን። ስቆ ሲያበቃ ያስተምረኛል። «መጀመሪያ ቁሚ። ለሶላት እንደምትቆሚው ፊትሽን ወደ ቂብላ አዙሪ። የእኛ ቂብላ በሰሜን ነው። ቀኝሽ ፀሐይ መውጫ፣ ግራሽ መግቢያ፣ ጀርባሽ አዘዞ። ከዚያ በኋላ ሂጂ።» ነገሩ ሁሉ ገብቶኛል፤ መቆሙ ግን አይሆንልኝም ነበር።

ደጋ ላይ ስመደብ ዕቃዬን ይዞ ያደረሰኝ እሱ ነው። መንደሩ መስጊድ የለውም። የተከራየሁትን ክፍል ዞሮ አየና አከራዬን፣ ጠና ያለች ክርስቲያን ሴት፣ «ሴቶች ቤተ ክርስቲያን የሚቆሙት በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ምነው አያ፣ ሊጠመቁ አስበው ነው?»

«የለም እቴ፣ ልጄን ቂብላ ላስይዛት ብዬ ነው።»

«ሴት በደቡብ፣ ወንድ በሰሜን ነዋ። የትም ደብር ቢሄዱ ይኸው ነው።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ሰማሽ? ከሴቶቹ በኩል ቆመሽ ቤተ ክርስቲያኑን ካየሽ፣ ቂብላን እያየሽ ነው። ከእንግዲህ ጠፋብኝ እንዳትይኝ።» አከራዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ወንድሜ የደወለው እሑድ ማለዳ፣ ሱብሂን ሰግጄ ከመስገጃዬ ሳልነሳ ነው። አባታችን ሌሊት ሞቷል። «ቀትር ላይ፣ በዙሁር ይሰገድበታል። ጀናዛው ከቤት ሳይወጣ ድረሺ» አለኝ። እኛ ዘንድ ሴት ቀብር አትሄድም። ፊቱን የማየው ከቤት እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነው።

መኪና የሚገኝበት አስፋልት ከመንደራችን በፀሐይ መግቢያ በኩል ነው። መንገዱን ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ከሌሎቹ መምህራን ኋላ እያወራሁ ነበር። የዚያን ዕለት እነሱ ለሰንበት ከተማ ወርደዋል፣ አከራዬ ቅዳሴ ሄዳለች። ቦርሳዬን አንስቼ ብቻዬን ወጣሁ። አልቆምኩም። ሮጥኩ።

ጉሙ ከገደሉ ሥር ወጥቶ ሜዳውን ሲሸፍነው የእግሬን ጫፍ ብቻ ነበር የማየው። አንድ ስንጥቅ ድንጋይ አለፍኩ። ብዙ ሄጄ ያንኑ ድንጋይ እንደገና አገኘሁት። በሌላ በኩል ሞከርኩ፤ አሁንም እሱው ነው። ስልኬ ባለ ቁልፍ ናት፣ ካርታም የላት፤ ሜዳው ላይ ደግሞ ኔትወርክ ጠፋ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ በድምፅ አለቀስኩ። እቤት ሰዎች ውኃ እያሞቁ፣ ነጭ ጨርቅ ለከፈን እየቀደዱ እንደሆነ አውቃለሁ። እጥበቱ ሲያልቅ ወዲያው ያነሡታል። የእኔ እግር ግን አንድ ድንጋይ ይዞራል።

የቅዳሴ ዜማ ሰማሁ። ድምፁን ተከትዬ ስሄድ የማላውቀው ደብር አጥር ላይ ደረስኩ። ከግንቡ ሥር ተቀምጠው ለሚያስቀድሱ አንድ ሽማግሌ አስፋልቱ በየት ነው አልኳቸው።

«ቅርብ ነው ልጄ። ባሕር ዛፉን ታልፊያለሽ፣ ከዚያ አውድማውን በግራ ትተሽ…»

«አያ፣ ባሕር ዛፉ አይታየኝም።»

ቀና ብለው ነጩን ጉም አዩት። «እውነትሽን ነው። ቅዳሴው እስኪወጣ ቆዪ እንግዲህ፣ አንዱ ያደርስሻል።»

«አባቴን ሊቀብሩት ነው፣ አልቆይም።»

«እግዜር ያጥናሽ» አሉ።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ውስጥ፣ በአንድ በኩል ተሰብስበው የቆሙ ሰዎች ለየሁ። ነጠላቸው ከጉሙ ብዙም አይለይም፤ ግን ሴቶች ናቸው። በአጥሩ ዙሪያ ሄጄ ከኋላቸው ቆምኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሄዴ በፊት ቆምኩ። ፊቴን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አደረግሁ። ፊቴ ቂብላ፣ ቀኜ ፀሐይ መውጫ። ግራ እጄን ዘረጋሁ፤ አስፋልቱ እዚያ ነው።

በጉም ውስጥ ቀጥ ብሎ መሄድ ራሱ ዘዴ ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ እያዩ መሄድ ሳይታወቅ ያዞራል፤ ስለዚህ ሁለት ነገር በአንድ መስመር መያዝ ያስፈልጋል። አንድ ቁጥቋጦ፣ ከእሱ ኋላ አንድ ድንጋይ። ድንጋዩ ጋ ስደርስ ዞሬ ቁጥቋጦውን አያለሁ፣ መስመሩን ወደ ፊት እቀጥላለሁ። ያዘገያል። መሮጥ እያማረኝ እንደ ሕፃን እየተራመድኩ ሄድኩ፤ በመጨረሻ የጭነት መኪና ጥሩምባ ከፊት ለፊቴ ተሰማ።

መኪና ግን ቶሎ አላገኘሁም። የሚያልፉት ሁሉ ሞልተዋል። አዲስ ዓለም ስደርስ በራችን ላይ ጫማ ብቻ ነበር፣ የሴት ጫማ። ወንዶቹ ሄደዋል።

«አሁን ነው የወጡት» አለችኝ እናቴ። «ፊቱ ሸጋ ነበር፤ የተኛ ነው የሚመስለው።»

ሴቶቹ ወደ ውስጥ ሊያስገቡኝ እጄን ያዙ። እኔ ግቢው መሐል ቆምኩ። እዚያ መቃብሩ ውስጥ በቀኝ ጎኑ ያስተኙታል፤ ፊቱን ወደ ቂብላ ያዞሩለታል። እኔም ቀስ ብዬ ወደዚያው ዞርኩ።

«ግቢ እንጂ ልጄ» አለችኝ አንዷ ጎረቤት፣ «ምን ታያለሽ?»

ከፊቴ የጎረቤት የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነበር። አልተሳሳትኩም።