የሎሴሊ ቫይ

የዚያን ዕለት ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፎ ዋለ፤ ዝናቡም አልወረደ፣ ነፋሱም አልተነሳ። ሎሴሊ ወደ ጤና ጣቢያው እግሯን እየጎተተች የሄደችው በዚያ ወበቅ ነው። አውራ ጣቷ ላይ ያለው ቁስል ሁለት ወር ሙሉ አልሽር ብሏታል።

"እማማ ሎሴሊ፣ ስኳርዎ በወር ውስጥ ካልወረደ በመርከብ ወደ ዋናው ደሴት ሆስፒታል እልክዎታለሁ" አለቻት ነርሷ ፑኣ። "ለስላሳውንና ጣፋጩን ሻይ ይተዉ። በሱ ፋንታ ቫይ ይጠጡ። ከምግብ በፊት አንድ ኩባያ ቢጠጡ ሆድዎንም ይይዝልዎታል፣ ክብደትዎም ይቀንሳል።"

የሎሴሊ ታላቅ እህት በዚያው መርከብ ሄዳ የተመለሰችው በአንድ እግሯ ነበር።

በእኛ በቶንጋዎች አፍ ቫይ ውሃም ነው፣ መድኃኒትም ነው። ሎሴሊ የሰማችው መድኃኒቱን ነው። እጇን ዘርግታ ብትጠብቅ ነርሷ "እቤትዎ አለልዎት" ብላ ሸኘቻት።

አለልዎት! ነርሷ ለዘመዶቿ አከፋፍላ ጨርሳው ነው እንጂ፣ አለች ሎሴሊ በልቧ።

ጎረቤቷ ፒሲላ የነርሷ አክስት ናት። ዘንድሮ ወገቧ ቀጥኗል፣ ጠርሙስ ከጎኗ አይለይም። ሎሴሊ ሳምንት ሙሉ በአጥር ቀዳዳ ስትሰልላት ከረመች። ለስላሳዋን ግን አልተወችም፤ የሚያድናት ተደብቆባት በጥም ልትሞት ነው?

የመንደሩ ሴቶች ጨርቅ የሚሠሩበትን የዛፍ ልጣጭ ሊወቅጡ በተሰበሰቡ ቀን መዶሻዋን ወርውራ የፒሲላን ጠርሙስ ነጠቀች።

"አንቺ እየከሳሽ እኔ እግሬን ልቆረጥልሽ?"

"ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ? ሙቀቱ ነው?"

"ቫዩን ነው የምልሽ! የእህትሽ ልጅ ደብቃ የምትሰጥሽን!"

"ይኸው በእጅሽ ነው፣ ጠጪውና እዪው።"

ሎሴሊ አሸተተች። ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች።

"ይሄማ… ውሃ ነው።"

"ታዲያ ምን መስሎሽ ነበር? ከጣሪያዬ ወርዶ ገንዳዬ ውስጥ የተጠራቀመ ዝናብ ነው።"

"ጣሪያዋ ላይ ድመቶች ይተኛሉ፣ ሎሴሊ! ጢም እንዳታበቅዪ!" አለች አንዷ፤ ሁሉም መዶሻውን ጥሎ ሳቀ።

ሎሴሊ አልሳቀችም። በለስላሳ ያለፈውን ሳምንት እያሰበች ነበር።

ከዚያ ወዲያ የጠጣችው ውሃ ብቻ ነው፤ እሱንም በየኩባያው እያሸተተች። ወሩ ሲያልቅ ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ ሚዛኑን ስላላመነችው በቅድሚያ ነርሷን ላዩ ላይ አቁማ አየች። ክብደቷ ትንሽ ቀንሷል፣ ስኳሯም ወርዷል፣ የሚፈለገውን ያህል ግን አይደለም።

አሁን ሎሴሊ እቤቷ ናት። ቁስሉ ግማሹ ሽሯል፤ የመርከቡ ነገር ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል።