ሙቀጫው ዝም ሲል

ሰውየው ድምፅ ቀራጺ ነው። የመንደር ሙዚቀኞችን ከቦታ ቦታ እየተከተለ ዋሽንታቸውንና ከበሯቸውን በካሴት ሲያስቀር ሃያ ስድስት ዓመት ሞላው። በመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረው ካሴት ከሞላ ጎደል የእሱ ሥራ ነው። ያን ሁሉ ድምፅ የሰማ ሰው ግን አንድ ነገር አልሰማም። በየመንደሩ የሚጠራው በስሙ ሳይሆን "ዝም በሉ" እየተባለ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እስካሁን ሹክ ያለው የለም።

ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ገና ከመኪና ሲወርድ፣ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ፣ ጆሮውን አቁሞ ዙሪያውን ይቃኛል። ዶሮ ካለ ቅርጫት ይደፋበት፣ ፍየል ካለ ወደ ማዶ ይነዳ፣ አናጺ ካለ መዶሻውን ያስቀምጥ፣ የሚያስለውም ራቅ ብሎ ሳሉን ጨርሶ ይምጣ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ንጹሕ ድምፅ የሚባለውን ነገር ከልጆቹ እኩል ስለሚወደው ነው። ሚስቱ በበኩሏ እንግዳ በመጣ ቁጥር ፊት ለፊቱ ታማዋለች። "የኔ ባል ለአገሩ ሁሉ ጆሮ ነው፤ ቤቱ ሲገባ ግን ከጫማው ጋር አብሮ ያወልቀዋል" ትላለች። እሱም ይስቃል፤ ምን እንዳለች ስለሰማ አይደለም፣ እንግዳው ስለሳቀ ነው።

ያም ሆኖ እንደ እሱ ጠያቂ አይገኝም። ያልገባው ነገር ካለ ምግብ አይወርድለትም። አንድ ጊዜ አንዳንድ ከበሮ መቺዎች ለምን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንደሚቀመጡ ለማወቅ ሲል ብቻ የሁለት ቀን መንገድ ተመልሶ ሄዷል። ለካ ግድግዳው የየራሳቸውን ምት መልሶ ስለሚያሰማቸው ኖሯል። ይህን ሲነግሩት እንደ ልጅ ነው የፈነደቀው። ጥያቄው ሁሉ ግን ስለሚጫወቱት ሰዎች ነው፤ ስለማይጫወቱት ጠይቆ አያውቅም።

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ወደ አንድ ሽማግሌ ዋሽንት ነፊ መንደር ሄደ። የሽማግሌው ቡድን ሰባት ሰው ነው፤ ሁለቱ ከበሮ ይመታሉ፣ አራቱ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። ከሃያ ደቂቃ የሚበልጥ አንድ ረጅም ዜማ አላቸው፤ ዳር እስከ ዳር የሚያውቁት ሽማግሌው ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ደረታቸውን ታመዋል። ሐኪም ወዳለበት ከተማ፣ ልጃቸው ቤት ለመኖር ጓዛቸውን ጠቅልለዋል፤ የሚሄዱትም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በዚያው በመሥሪያ ቤቱ መኪና ነው። ዜማው ዛሬ ካልተቀረጸ መቼም አይቀረጽም። ቀራጺው ይህን ስለሚያውቅ በመንገዱ ሁሉ ሹፌሩን "ፍጠን" እያለ መጣ።

ጠዋት ሲደርሱ ቡድኑ በሽማግሌው ግቢ፣ አጥር ሥር ካለው ጥላ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ቀራጺው ማይክሮፎኑን ተክሎ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ "እስቲ መሣሪያውን ልሞክር፤ እንደልማዳችሁ ትንሽ ተጫወቱልኝ" አላቸው።

ተጫወቱ። ሰውየው ስንቱን ሰምቷል፤ እንዲህ ያለውን ግን አልሰማም። ሰባት ሰው ሳይሆን አንድ ሰው በሰባት አፍ የሚተነፍስ ነው የሚመስለው። ብቻ ከአጥሩ ማዶ ዱም፣ ዱም የሚል ነገር ይገባበታል። ጎረቤታቸው በቆሎ እየወቀጠች ነው። ቀራጺው ፊቱን አኮማተረና ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጥሎ በአጥሩ ክፍተት ብቅ አለ።

"እህቴ፣ እንደምን አደሩ። ይቅርታ ያድርጉልኝና ሙቀጫውን ለዛሬ ቢተዉልን? ድምፁ እየገባብን ተቸገርን።"

ሴትዮዋ ዘነዘናዋን እንደጨበጠች ከላይ እስከ ታች አየችው። "እነሱ ሲያጓሩ ማንም ምንም አይል፤ የኔ ሙቀጫ ብቻ ጩኸት ሆነ?" አለች። ከዚያ ግን ለእንግዳ ብላ በቆሎዋን ወደ ከረጢቱ መለሰች።

ሰፈሩ ጭጭ አለ። ካሴቱ መዞር ጀመረ። ዜማው ግን አልሄድም አለ። አንዱ ከበሮ ይሮጣል፣ ሌላው ይጎተታል፣ ተቀባዮቹ ጭብጨባቸውን ይዘው የት እንደሚያሳርፉት ይተያያሉ። ሽማግሌው አራተኛው ደቂቃ ላይ ዋሽንቱን ከአፋቸው አውርደው አቃሰቱ። እንደገና ጀመሩ፤ ባሰ። ሦስተኛውን እንኳ ባያወሩት ይሻላል።

መቼም ነገር ሲበላሽ ምክንያት አይጠፋም። አንደኛው ከበሮ መቺ ቆዳው ረግቧል ብሎ ከበሮውን ፀሐይ ላይ አሰጣው። ሁለተኛው አንደኛውን አማው። ሹፌሩ ደግሞ ቀራጺውን ወደ ጎን ስቦ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ዓይን ነው። ጠዋት እንደዚያ ሲያሳምሩት መንደሩ ሁሉ አይቷል" አለው። ሽማግሌው ግን ማንንም አላሙም። ደረታቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ "እኔ ነኝ፣ ልጄ" አሉ። "ትንፋሼ የት ማረፍ እንዳለበት ጠፋው።"

ይቺ ንግግር ቀራጺውን ከነከነችው። ትንፋሽ አጠረኝ አላሉም እኮ። የት ማረፍ እንዳለበት ጠፋው ነው ያሉት። ጠዋት ታዲያ የት ነበር የሚያርፈው?

ሌላው ምሳ ሲቀርብለት እሱ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። የጠዋቱን ሙከራ ቀርጾት ነበር፤ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። መጀመሪያ የሰማው ሙቀጫውን ነው፤ ከንፈሩን እየመጠጠ "ምነው ቀደም ብዬ ባስቆምኳት" አለ። ጣቱ ሳያውቀው ጉልበቱን ይመታ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ሙቀጫው ለአፍታ ዝም አለ፤ ሴትዮዋ በቆሎውን ስታገላብጥ ይሆናል። ያን ጊዜ ዋሽንቱ አንዲት ድምፅ ይዞ፣ ሳይወጣም ሳይወርድም ቆየ። ዘነዘናው ሲወርድ ዋሽንቱም አብሮት ወረደ፣ ከበሮዎቹም ተከተሉ። ካሴቱን መልሶ ሰማው። ደግሞ መለሰው። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን የሚያሳርፉት ሴትዮዋ ዘነዘናዋን በምታነሳባት ቅጽበት ነበር።

ማዳመጫውን አውልቆ መሪው ላይ አፈጠጠ። ደስ ሊለው በተገባ ነበር፤ የፈለገውን አግኝቷል። እሱ ግን አፈረ። ምድር ቤት ያሉት ካሴቶች ትዝ አሉት። በሃያ ስድስት ዓመት ስንቱን አናጺ፣ ስንቷን ልብስ አጣቢ፣ ስንቱን ቀጥቃጭ ዝም አሰኝቷል? የትኛውስ ቡድን ነው ከዚያ ወዲያ እየተደናበረ የተጫወተለት፣ እሱም "ማይክሮፎን ፈርተው ነው" ብሎ ያለፈው? አላወቀም። ማወቂያ መንገድም የለውም።

ወደ ሽማግሌው ሄዶ፣ "አባቴ፣ ሲጫወቱ የጎረቤትዎን ሙቀጫ ይሰሙታል?" አላቸው።

"የምን ሙቀጫ?" አሉ ሽማግሌው።

ነገራቸው። ከበሮ መቺዎቹ ሳቁ፤ ሽማግሌው ግን ቅር አላቸው። "ሠላሳ ዓመት እዚህ አጥር ሥር ስጫወት የማንንም ሙቀጫ ተከትዬ አላውቅም" አሉ። ይህን ብለው ወደ አጥሩ ዞር አሉ። ከዚያ በቀስታ፣ "እስቲ ለምናት" አሉት።

ሴትዮዋ ልመናውን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "በቆሎው? ወፍጮ ቤት ሄዷል! አትውቀጪ ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

"እንግዲያው ባዶውንም ቢሆን…"

"ባዶ ሙቀጫ ወቅጬ፣ ይቺ ሴትዮ ውሃ መውቀጥ ጀመረች ልባል? እህል ሲኖር እጄ በራሱ ይሄዳል። እህል ከሌለ ምኑን ብዬ?" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ደግሞ ተሳስታችኋል፣ ወንድሜ። እኔ ነኝ እነሱን የምከተል። ድካሙን የሚያስረሳኝ እሱ ነው" አለች።

ማን ማንን እንደሚከተል ለቀራጺው ጨርሶ ተምታታበት፤ ዛሬም ሲጠይቁት አልገባኝም ይላል። ሹፌሩ ባዶ ከረጢት አንግቦ ከቤት ቤት በቆሎ ሊለምን ወጣ። "ዝም በሉ ጩኸት ቸገረው!" እያለ መንደሩ ከቀራጺው ጀርባ በሳቅ ፈረሰ፤ እፍኝ እፍኝም ቢሆን የሰጠው አላጣም። መቅረጫው ሁለት ድምፅ ለየብቻ መያዝ ይችላልና ቀራጺው ሁለተኛውን ማይክሮፎን ወስዶ ከሴትዮዋ ሙቀጫ አጠገብ ተከለው። ከተቀባዮቹ አንዱ በግቢው የምትንጫጫ ዶሮ አይቶ "ዶሮዋን ልያዛት?" ቢለው፣ "ተዋት፣ ትጩህ" አለ።

ካሴቱ ዞረ። መጀመሪያ ሁሉም ሰው ሙቀጫውን ብቻ እያዳመጠ ትንሽ ተንገዳገዱ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ረሱት። ሴትዮዋም ማይክሮፎኑን ረስታ ላቧ በግንባሯ ይወርድ ጀመር። ያ የጠዋቱ ነገር ተመልሶ መጣ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አሥረኛውን፣ አሥራ አምስተኛውን፣ ሃያኛውን ደቂቃ አለፉ። ቀራጺው ትንፋሹን ውጦ ይቆጥራል።

እዚያ ላይ ሙቀጫው ቆመ። ከየቤቱ የተለቀመ በቆሎ እስከ የት ያደርሳል? አለቀ። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ የወቀጠችውን ታነፍስ ጀመር። ሽማግሌው የያዟትን ድምፅ እንደያዙ ቀሩ። ጠበቁ። የአንገታቸው ሥር ተገታተረ። ቀራጺው እንዳይጣራ ካሴቱ እየዞረ ነው፤ በአጥሩ ላይ እጁን ቢያውለበልብ አላየችውም። ዋሽንቱ እየሰለለ፣ እየሰለለ መጣ። "በቃ፣ ሄደ" አለ በልቡ።

ሴትዮዋ ቀና አለች። የዋሽንቱ መንጠልጠል ሳይከነክናት አልቀረም። ሰፌዱን ከነእህሉ መሬት ላይ ለቀቀችና ዘነዘናዋን አንስታ ባዶውን ሙቀጫ መታችው። ደረቅ፣ ሌላ ድምፅ ነበር። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን አሳረፉ። ደግማ መታች፤ ዜማው ወረደ። እንዲህ እየተባባሉ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ሃያ ሦስት ደቂቃ።

"ባዶ ሙቀጫ አስወቀጣችሁኝ አይደል!" አለች ከማዶ። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ወደ አጥሩ ሄዱና፣ "ተባረኪ" አሏት። እሷም በቆሎዋን ከመሬት ለመልቀም ጎንበስ አለች፤ ፊቷን ማንም አላየውም።

አመሻሽ ላይ መኪናው መንደሩን ለቆ ወጣ። ሽማግሌው ከኋላ፣ ከጥቅላቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀራጺው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገላቸውና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙት። ሲያልቅ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

"አይዞዎት፣ አባቴ። በዚህ ሳምንት ቀድቼ ልጅዎ ቤት ድረስ አመጣልዎታለሁ" አለ ቀራጺው። "ዋሽንትዎን ከፍ አድርጌ፣ ጥርት አድርጌ።"

"የኔን ምን ያደርግልኛል?" አሉ ሽማግሌው። "ዋሽንቴ ይኸው አብሮኝ ነው። የሷን ብቻውን ቅዳልኝ። ልጄ ሰፈር እህል የሚወቅጥ የለም።"