መካከለኛዋ ዊላ

ዊላ በሃርሎ ወደብ የጀልባ ጥገና ግቢ ሃያ ስድስት ዓመት ስትበይድ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። እሷ የበየደችው ጀልባ ውሃ አስገብቶ አያውቅም። አለቃዋ ዱዌን ግን በየዓመቱ የሥራ ግምገማ ቅጿ ላይ አንዲት ቃል ብቻ ይጽፍላት ነበር፤ መካከለኛ። በዚያች ቃል ሰበብ፣ ቀጥ ያለ መስመር መበየድ የማይችሉ ወንዶች እየዘለሏት ተሾሙ።

የከተማዋን ዓመታዊ ውድድር ከልቧ ትንቀዋለች። ልጅ ድረው የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች የሸርጣን ልብስ ለብሰው፣ ከአሮጌ ብስክሌትና ከመታጠቢያ ገንዳ የገጣጠሙትን ጉድ በእግራቸው እየዘወሩ አሸዋውንና ወሽመጡን ያቋርጣሉ። ከሁሉ የሚያንገሸግሻት ሽልማቱ ነው። አንደኛ የወጣው እጁን ተጨብጦ ይሸኛል፤ «መካከለኛ» የሚባለው ትልቁ ዋንጫ የሚሰጠው ልክ መሃል ላይ ለገባው ነው። ዱዌን ይህን ዋንጫ ዘጠኝ ዓመት አሳድዶታል። ሰው እንዴት መሃል ለመሆን ይሟሟታል ትላለች ዊላ፣ ስሙ በተነሳ ቁጥር።

ዘንድሮ ግን ራሷ ገባች። ክረምቱን ሙሉ ጋራዧ ውስጥ ባለ ሦስት ጎማ ተንሳፋፊ ስትበይድ ከረመች፤ ሸርጣን የለ፣ ላባ የለ፣ ብረት ብቻ። ሐሳቧ አንድ ነበር፤ ዱዌን ዓይኑ እያየ አንደኛ መውጣት። እስከ ወሽመጡ ማዶ ድረስም መርታ ነበር። ብየዳዋ ጠብታ ውሃ አላስገባም፤ ከሱቅ የገዛችው ሰንሰለት ግን ጭቃው ላይ ተበጠሰ። ቀጥላው እስክትነሳ ድረስ የዳክዬ ክንፍ ያጠለቁ የጥርስ ሐኪሞች ሳይቀሩ እጃቸውን እያውለበለቡ አለፏት።

መጨረሻው ጋ ስትደርስ ዱዌን መስመሩን ለማለፍ አምስት እርምጃ ሲቀረው ቆሟል። በጨርቅ የተሠራ ትልቅ ድንች ውስጥ ተቀምጦ በጣቱ ይቆጥራል። ከሠላሳ አንዱ ተወዳዳሪ አስራ አምስተኛው ገና አሁን መግባቱ ነው፤ ዋንጫው የቀጣዩ ነው። ዱዌን ሊነሳ ሲል የድንቹ ጨርቅ ፔዳሉ ላይ ተጠምጥሞ ያዘው።

"ዊላዬ፣ አንዴ ጠብቂኝ" አላት። "አንቺ እንደሆነ ይሄን ዋንጫ አትወጂውም።"

እውነቱን ነው። ብታሳልፈው አስራ ሰባተኛ ትሆናለች፤ ማንም ልብ አይላትም። ቀድማው ከገባች ግን ያቺ ቃል ከተማው ሁሉ እየሰማ በድምፅ ማጉያ ትነገርባታለች። አንገቱን ደፍቶ ጨርቁን ሲጎትት አየችው። ዕድሜዋን የለካው ሰው ይሄ ነው። ያጠራቀመችለት ንዴት እንኳ በዛበት።

በሥራ ዘመኗ ሁሉ እርስዎ ስትለው ኖራለች።

"ሃያ ስድስት ዓመት ስትሰጠኝ እጅህ አልታከተም" አለችው። "ዛሬ ምነው ሰሰትክ?"

ፔዳሉን ረገጠች። ማጉያው ቃሏን ከስሟ ጋር ሲጠራ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበላት። ከኋላዋ ዱዌን ስቅስቅ ሲል ሰማችው፤ ዞራ አላየችውም።

በማግስቱ ዋንጫውን የግቢዋ በር ላይ በየደችው፣ ዱዌን ጠዋት ጠዋት ዳቦ ሊገዛ በሚያልፍበት በኩል። የሷ ብየዳ ደግሞ በዋዛ አይነቀልም።