አክስቴ፣ ላባማው ትልና እጮኛዬ

አክስቴ የምትኖረው በሌሎች አፍ ነው። በባሕር እንስሳት ማሳያ ቤት ስትሠራ ትላልቆቹን ዓሣዎች ሌሎች ሠራተኞች ወሰዱና፣ ለእሷ ጎብኚ ዘወር ብሎ የማያያቸው፣ ከጥፍር የማይበልጡት ፍጥረታት ደረሷት። በጠብታ ማንጠባጠቢያ ታበላቸዋለች፤ ከዚያ አፋቸውን ስታይ ትውላለች። ድንጋይ ላይ በአናቷ ተተክላ ምግቧን በእግሯ እየጠረገች የምትጎርስ አለች። ምላሷ ጥርስ ያበቀለ ቀንድ አውጣም አለች፤ አክስቴ "ምላሷ ሞረድ ነው" ስትል ግን የምታየው እናቴን ነው።

ችግሩ ሥራዋን ቤት ይዛ መምጣቷ ነው። ገበታ ላይ የሰው አፍ አፍ እያየች ትመድበናለች። እናቴ ፋቂ፣ እኔ አጣሪ፣ አባቴ ያገኘውን ጠራጊ።

ስለዚህ እጮኛዬ ከቤተሰቤ ሊተዋወቅ የመጣ ቀን እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

"በሞቴ አክስቴ፣ ዛሬ ስለ አፍ እንዳታነሺ!"

"እሺ፣ ዝም ነው" አለች።

አባቴ ሰው የሚመዝነው በአበላሉ ነው፤ ገበታውን የናቀ ልጁን አያገኝም። ክፉኛ የምወደው ሰው ደግሞ ሲያዩት መብላት አይችልም። ማንኪያውን ሲያነሳ አባቴ አንገቱን ያሰግጋል፤ ማንኪያው ይመለሳል። ሾርባው ቀዘቀዘ፤ የአባቴም ፊት ጠቆረ።

"ምነው ልጄ፣ የኛ ቤት ምግብ አልተስማማህም?"

"ኧረ በጣም ይጣፍጣል ጋሼ!" አለ፣ ሳይቀምሰው። አለቀልኝ አልኩ።

ይሄኔ አክስቴ ብድግ አለችና አባቴን "አንተ ልጅ፣ ፊትህን አዙር!" አለችው። ታናሿ ነው፤ ፀጉሩ ግን ሸብቷል።

"እኔ ጋ ላባ ያለው ትል አለ" ቀጠለች። "ምግቡን የሚለቅመው ላባውን ዘርግቶ ነው። የሰው ጥላ ካረፈበት ሹልክ ብሎ ቱቦው ውስጥ ይገባል። አታፍጡበት! ሁላችሁም ዙሩ!"

እጮኛዬ ትል ሲባል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን አክስቴን እምቢ የሚል የለምና ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ግድግዳው ዞረ። ትንሽ ቆይቶ ማንኪያ ሳህን ነካ።

"በላ?" አለ አባቴ በሹክሹክታ።

"ዝም በል፤ ገና መዘርጋቱ ነው።"

ማንኪያው ፈጠነ። ቀጥሎ ጭልፋው የድስቱን ቂጥ ሲፍቅ ሰማን።

አባቴ አላስችለው ብሎ ዞረ። ድስቱ ባዶ ነው። ገና ያልጨረሰው የአባቴም ሳህን ባዶ ነው። እጮኛዬ አፉ ሙሉ ስለነበር ይቅርታ መጠየቅ እንኳ አልቻለም። አባቴ ከላይ እስከ ታች አየው።

"ሠርጉ ቶሎ ይሁን" አለ። "ይሄ ልጅ ሌላ ጊዜ በእንግድነት ከመጣ ጦሜን ማደሬ ነው።"