የድስቱ ውሃ

ዳሪሙ ወረዳ የተዳረችው ልጄ ምጧ ያለ ወሩ መጣና በቃሬዛ ወደ እኛ ከተማ አመጧት። ከተማችን ከመቱ ብዙ አትርቅም። ዘመኑ የደርግ ነው። በጤና ጣቢያው የተወለደችው ሕፃን መጥባት ስላቃታት፣ የእናቷን ወተት በአፍንጫዋ በገባ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይሰጧት ነበር። በላች ማለት አስመለሰች ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ፊቷ የእኔን ፊት መሰለ።

በሽተኛ የሚያክመው የጣቢያው ድሬሰር አንዴ ተጠቅሞ መጣል ያለበትን ቱቦ፣ ሌላ አይመጣም እያለ ቢጫ እስኪሆን በድስት ይቀቅለዋል። የቀቀለበትንም ውሃ አይደፋም። ከወተቱ በኋላ ቱቦውን በዚያው ያጥበዋል፤ ውሃው ወደ ሕፃኗ ሆድ ይወርዳል። ድስቱን ሳሸተው ፀሐይ የመታው አዲስ ኮንጎ ጫማ ይሸታል።

«ይሄ ውሃ ላስቲክ ላስቲክ ይላል» አልኩት።

«እማማ፣ የፈላ ነው። ጀርም የለውም።»

«ስለ ጀርም ማን ጠየቀህ? ላስቲኩስ?»

«በአራተኛ ክፍል ትምህርት ሐኪም ሊሆኑ ነው?» ብሎ ሳቀ።

«ሦስተኛ ነው» አልኩት።

በማግሥቱ በቀበሌው አዳራሽ ሂስና ግለ ሂስ ነበር፤ ሰው ተራ በተራ ተነሥቶ ጥፋቱን የሚናገርበት ስብሰባ። ድሬሰሩም ተነሥቶ «የእኔ ጥፋት ያለ ዕረፍት መሥራቴ ነው» አለ። ተጨበጨበለት። ከድስቱ የቀዳሁበትን ብርጭቆ ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

«ጓድ፣ ደክሞሃል። ጠጣ።»

«ምንድን ነው?»

«የልጅ ልጄን የምታጠጣት። ጀርም የለውም።»

አንዲት ሴት ከኋላ በኦሮምኛ «ዱጊ!» ብላ ጮኸች፤ ጠጣ ማለቷ ነው። አዳራሹ ተቀበላት። ከንፈሩን አስነክቶ ተፋው። በሰው ውርደት መደሰት ኃጢአት ነው ይላሉ። ይሁን፣ ተደሰትኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ውሃው እንዲደፋ፣ ወተቱም በማንኪያ ጠብ ጠብ እየተደረገ እንዲሰጥ እዚያው አዘዘ። ማስመለሷ ቀነሰ፤ ውላ አድራ ሥጋ አወጣች። ምክንያቱ ይህ ነው ያለኝ ሐኪም እስከ ዛሬ የለም። እኔ ግን የማንን ዓይን ማየት እንደማልፈልግ አውቃለሁ።

በክርስትናዋ ሰሞን ድሬሰሩ ሽማግሌ ላከብኝ። «ይቅር በይው» አሉኝ።

«የተበደለችው እሷ ናት። አፍ ስትፈታ ራሷን ይጠይቃት።»

ስቀው ሄዱ። እኔ አልቀለድኩም። አፍ መፍታት ስትጀምር ከሁሉ አስቀድሜ «እምቢ» ማለትን አስተማርኳት። እሱ ግን ሳይጠይቃት ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረ።