የኮንጎው ዕርቅ

ሃምሳ አለቃ ኢታና አዲሱ ገበያ ዳር፣ ከቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የላምባ ምድጃ ይጠግኑ ነበር። ጣታቸው ሁልጊዜ ጥቀርሻ ነው። እስከ ቀጨኔ ድረስ ያለው ሰው «ኮንጎ» እያለ ይጠራቸዋል፤ በወጣትነታቸው የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ሆነው፣ ሰማያዊ ቆብ ደፍተው ኮንጎ ዘምተዋልና። ሰው የሚያከብራቸው ግን በዘመቻው አልነበረም። በአንድ ወግ ነበር። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ዕድር ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «እስቲ የኮንጎዋን» ይባላሉ።

ወጉ እንዲህ ነው። አንድ ወታደር ከካምፑ አጠገብ ውሃ ልትቀዳ የመጣችን ልጃገረድ ይደፍራል። አባቷ መጥቶ በሩ ላይ ይቀመጣል፤ ቢለምኑት አይነሣ፣ ቢያስፈራሩት አይነሣ። አዛዡ ነገሩ የበላይ አለቆች ጆሮ እንዳይገባ ይፈራና ኢታናን ያስጠራል። «አንተ የሽማግሌ ልጅ ነህ፤ በአገራችን ወግ ጨርሰው» ይላቸዋል። ኢታና ነጭ በግ ያስገዛሉ። ወታደሩን ድንጋይ አሸክመው አባትየው እግር ላይ ይጥሉታል። አስተርጓሚ የለ፣ ምን የለ! አባትየው ድንጋዩን አየ፣ በጉን አየ፣ ከዚያ አለቀሰ።

«አያችሁ፣» ይሉ ነበር ኢታና፣ «ዕርቅ ቋንቋ አይፈልግም።»

ድንኳኑ ሁሉ «ወይ ጉድ!» ይላል። እንባ እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ያየው ሰው ሁሉ የወደደውን ትርጉም ይሰጠዋል። ኢታና ይቅርታ ነው ብለው ለዓመታት አመኑ።

አንድ የክረምት ከሰዓት፣ የቆርቆሮው ጣራ በዝናብ ሲንጫጫ፣ የዕድሩ ዳኛ አቶ ወልዱ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ሱቋ በር ላይ ቆሙ።

«ኮንጎ፣ ዛሬ ይፈለጋሉ።»

«ምድጃ ከሆነ ነገ ያምጡት።»

«ምድጃ ቢሆንማ እርስዎ ጋ አልመጣም! የኔን በጠገኑት ቁጥር ይብስበታል።»

ተሳሳቁ። ከዚያ ወልዱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የሱቅ ነጋዴዋ የሀጂራ ልጅ ሩቅያ፣ ትምህርቷን ጨርሳ እናቷን የምታግዘው፣ የስኳር ራሽን ልትቀበል ቀበሌ ሄዳ ነበር። የአብዮት ጥበቃው ጓድ መጋዘኑን ከውስጥ ቆልፎ ደፈራት። ጓዱ የወልዱ ሚስት የወንድም ልጅ ነው።

«እናትየዋ ባል የላት። ልጁ ደግሞ መሣሪያ ይዟል። ብትከስ ምን ታተርፋለች? በጉን አዘጋጅተናል። ድንጋዩንም ይሸከማል፣ ልክ እንደ ኮንጎው። ልጅቷ እንዳታየውም ወደ ሌላ ቀበሌ እናዛውረዋለን። በቃ፣ እርስዎ ፊት ፊት ይሁኑልን።»

ኢታና ምድጃውን ወደ ጎን አደረጉ። ከወጉ ሁልጊዜ የሚያስቀሯት አንዲት ነገር ነበረች። ያ ወታደርም ከዕርቁ በኋላ ወደ ሌላ ካምፕ ተዛውሮ ነበር። ወደ አገር ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያ ተገናኙ። «አለቃዬ፣ እዚያኛው ካምፕ እንደርስዎ ያለ ሽማግሌ አጥቼ ስቸገር ከረምኩ!» ብሎ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገና ሳቀ። እዚያም ሌላ ልጅ መድፈሩ ገብቷቸዋል። ገብቷቸው ሳለ አብረውት ሳቁ።

«መጀመሪያ ልጅቷን ላናግር» አሉ ለወልዱ።

«ልጅቷን? ምን ታደርግልናለች?»

ኢታና በዝናቡ ወጡ።

ሀጂራ የሱቋን በር ገርበብ አድርጋ፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው። «ጋሼ ኢታና፣ በጉንስ የት ጣሉት?»

«ሩቅያን ላናግራት ነው የመጣሁት።»

«ሽማግሌ የሚያናግረው ወላጅ ነው። እኔን ያናግሩኝ።»

«አለሁ» አለች ሩቅያ ከመጋረጃው ጀርባ። አልወጣችም። ድምፅዋ ብቻ መጣ። «አባባ ኮንጎ፣ ወጉን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። በጉ ነጭ እንደሆነ እንኳ አውቃለሁ። ልጅቷስ ምን አለች?»

ኢታና አፋቸውን ከፈቱ። ልጅቷ ከአባቷ ኋላ ቆማ እንደነበር ትዝ አላቸው፤ ባዶ የውሃ ዕቃዋን ታቅፋ። ፊቷ ግን አልመጣላቸውም። ስንት ድንኳን ውስጥ አውርተውት፣ አንድ ጊዜም ወደ እሷ ዞር ብለው አላዩም!

«አልጠየቅኋትም» አሉ።

«እንግዲያ እኔን ይጠይቁኝ።»

«ምን ይሁን ትያለሽ፣ ልጄ?»

«ጣቢያ ሄጄ በገዛ አፌ ልናገር። መሣሪያውን ይቀሙት። ሌላ ቀበሌ ደግሞ አይውሰዱት፤ እዚያም ስኳር የምትቀበል ልጅ አለች።»

ኢታና ግድግዳውን ተደገፉ። ያቺ ሌላ ካምፕ ያለች፣ ጨርሶ ያላዩዋት ልጅ እዚያው ሱቁ ውስጥ የቆመች መሰላቸው። ሀጂራ ነጠላዋን አነሣች።

ወዲያው ሦስቱ ሆነው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ተረኛው ኢታናን «እርስዎ ምኗ ነዎት?» ቢላቸው «ጎረቤቷ» ብለው በር ላይ ቁጭ አሉ፤ ቢለምኗቸውም አልተነሡ፣ ቢያስፈራሯቸውም አልተነሡ። የሩቅያ ቃል ተሰማ። ጓዱ መሣሪያውን ተነጠቀ፤ የትም አልተዛወረም። ፍርዱ ግን ጎተተ፣ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ። ወልዱ ሰላምታ ነሷቸው። ምድጃ የሚያመጣላቸውም ሰው ቀነሰ።

በጥቅምት ለቅሶ ላይ፣ ነገሩን ያልሰማ አንድ እንግዳ «እስቲ የኮንጎዋን» አላቸው። ነገሩን የሰሙት እርስ በርስ ተያዩ።

«ውሃ ልትቀዳ የመጣች ልጅ ነበረች» ብለው ጀመሩ። «ስሟን… ስሟን አላውቅም።»

እንግዳው ሊያግዛቸው ፈለገ። «በግም ነበረበት አሉ?»

«አዎ፣ ነጭ በግ» አሉ ኢታና። «እሱን አልረሳሁትም።»