ፍሬ የማይሰጠው ፓፓያ

ልጅ እያለሁ፣ ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ በነበረው ግቢያችን ውስጥ ሁለት የፓፓያ ዛፎች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። አንደኛዋ እስከ አንገቷ ፍሬ ትሸከማለች። ሌላው ግን ረጃጅም የአበባ ዘለላ ከማንጠልጠልና መሬቱን በአበባ ከማልበስ በቀር አንዲት ፍሬ አሳይቶን አያውቅም። ውሃ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ የባቡር መካኒክ ነበር፤ የማይሠራ ነገር አይወድም። አንድ እሑድ ገጀራውን ስሎ ቆረጠው። የቅጠሎቹ አገዳ ውስጡ ባዶ ስለነበር እኔና ወንድሜ እጃችን በነጭ ወተቱ እየተጣበቀ እንደ ጥሩምባ ስንነፋው ዋልን።

ከዚያ በኋላ የደህናዋ ዛፍ ነገር ተበላሸ። የቀድሞ ፍሬዎቿ በስለው ተበሉ፤ አዲሶቹ ግን አውራ ጣት እንኳ ሳያክሉ ቢጫ እየሆኑ ይረግፋሉ። አባቴ ፍግ ጨመረላት፣ አመድ ነሰነሰላት፣ ልብስ የታጠበበትን ውሃ ሳይቀር ወሰደላት። ጠዋት ጠዋት የረገፈውን ሲጠርግ ፊቱን ማየት ያሳዝነኝ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያው ሰሞን የሳይንስ መምህራችን አበባ ይዘው ክፍል ገቡ። ዘር ይበቅላል፣ ቅጠል ያወጣል፣ ያብባል፤ የወንዴው ብናኝ በንብ ወይም በነፋስ ተጉዞ ሴቴዋ ላይ ካላረፈ ግን ፍሬም ዘርም የለም አሉን። አንዳንድ ተክል ደግሞ ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው ዛፍ ላይ ናቸው ብለው ፓፓያን ለምሳሌ ጠሩ። አባቴ የቆረጠው ዛፍ ትዝ አለኝ።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። የሰፈሩን ሬዲዮና ብስክሌት ሁሉ የሚጠግን ሰው፣ ያውም አባት፣ ተሳስተሃል እንዴት ይባላል? በአራተኛው ቀን አንዲት የረገፈች አበባ በምላጭ ሰንጥቄ ወሰድኩለት። ሆዷ ውስጥ ጥቃቅን ነጫጭ ነገሮች ተደርድረዋል።

"አባዬ፣ እነዚህ ዘር ሊሆኑ ነበር። የቆረጥነው ባሏን ነው" አልኩት። "የቆረጥከው" ለማለት አልደፈርኩም።

አበባዋን ተቀብሎ እንደ ተበላሸ ሞተር አገላብጦ አያት። "ታዲያ እንዴት ይጠገናል?" አለኝ።

ከሰፈራችን ማዶ የሚኖሩት አዴ ሰሃራ ታይዋን በሚባለው ገበያ ልብስ የሚሸጡ የሶማሌ ሴት ነበሩ። ለፍየሎቻቸው ጥላ ብለው የተዉት አንድ ወንዴ ፓፓያ ግቢያቸው ውስጥ ነበር። አባቴ ራሱ ሄዶ አበባ ለመናቸው። ነገሩን ሲሰሙ ሳቁና፣ "ወላሂ፣ ለዛፍ ሽማግሌ ሲላክ ገና ዛሬ አየሁ" አሉ። ዘለላውን ግን ቆርጠው ሰጡን። አባቴ መሰላሉን ያዘልኝ፤ እኔ ወጣሁ። ቢጫውን ብናኝ አምስት ሴቴ አበቦች ላይ ቀስ ብዬ አራገፍኩና በየአንገታቸው ቀይ ክር አሰርኩ።

ክር የሌላቸው ረገፉ። ከአምስቱ አራቱ ያዙ። መጀመሪያ እንቁላል፣ ቀጥሎ ጡጫ አከሉ፤ ስድስት ወር ገደማ ቆይቶ የመጀመሪያው ቢጫ ሆነ። አባቴ ጎረቤቱን ጠርቶ፣ አዴ ሰሃራም ባሉበት፣ ፓፓያውን እያካፈለ፣ "ይቺን ዛፍ መካን ያደረግኳት እኔ ነኝ፤ ያዳነቻት ልጄ ናት" አለ። ድምፁ ውስጥ እፍረት አልነበረም። የዚያን ቀን ግቢው ውስጥ እኔን የሚያህል ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ጥቁሮቹን ዘሮች ቆርቆሮ ውስጥ ዘራናቸው፤ ከበቀሉት መሃል አንዱ ረጅም ዘለላ ሲያወጣ አባቴ ዙሪያውን አጥር አበጀለት።

ዛሬ እኔም ልጅ አለችኝ። ዘር በቅሎ፣ አብቦ፣ ሲያፈራ በስልክ ላይ በአንድ ደቂቃ ታየዋለች፤ ስድስት ወር ጠበቅን ስላት ትስቃለች። ባለፈው ሳምንት እንግዶች ፊት የተናገርኩትን አረመችኝ። ልክ ነበረች። ያንን እንግዶቹ ፊት ማመን ግን ከበደኝ። አባቴ በዚያ ሁሉ ጎረቤት ፊት ያለው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው፤ በልጅነቴ ቀላል መስሎኝ ነበር።

"ልክ ነሽ" አልኳት።

ትከሻዋ በኩራት ትንሽ ከፍ አለ።